አሥረኛዋ እምቢልታ

ለወንድሜ ለአሞጽ፣

በሐይቁ ላይም ብትሆን በሐይቁ ዳር፣ ባለህበት ሁሉ የጌታ ሰላም ይብዛልህ። እንደምን ከረምክ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ በልጅነትህ እየተነሳ ሦስት ብርድ ልብስ ያስደርብህ የነበረው ወባ ተወህ ወይስ የሐይቅ ዳሯ ትንኝ ከእኛዋ ባሰች? ባለቤትህ ውባለም እንዴት ሰነበተች? አቢጊያስ ትምህርቷ ላይ በርትታለች? ትንሹ ባምላኩስ የወተት ጥርሱን ነቅሎ ጨረሰ? ለገና በስልክ ድምፁን ስሰማ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ለመጠየቅ አፈርኩ። የወንድሟን ልጅ ዕድሜ የማታውቅ አክስት ምን ትባላለች?

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ታምሩ ጉልበቱን ብርድ ሲነካው ከማጉረምረሙ በቀር ምንም አልሆነም። ስትሄድ እንቁልልጬ እያልክ ታስለቅሳት የነበረችው ማራናታ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷት በቤተ ክርስቲያን ኳየር ትዘምራለች። ቁመቷ የአንተ ነው፤ ምላሷ የእኔ ነው ይሉኛል። እኔ ግን እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም።

ይህን ስጽፍልህ ጆሮዬ ሥር መዶሻ ይጮሃል። አናጢው ኸይሩ የሳሎኔን ግድግዳ እያፈረሰ ነው፣ ጭቃው ወረቀቴ ላይ ይረግፋል። ታምሩ «ይህቺ ሴትዮ ለየላት» ብሎ ሻይ ቤት ሄዷል። ግድግዳውን ለምን እንደማፈርሰው መጨረሻ ላይ ነው የምነግርህ። ዘለህ እንዳታነብ! ልጅ ሆነህ ተረት ስነግርህ «መጀመሪያ ማለቂያውን ንገሪኝ» እያልክ ታደክመኝ ነበር፤ ዛሬ ግን በእኔ ተራ ነው የምትሄደው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በየበዓሉ ስንደዋወል ምን ተባባልን? ደህና ናችሁ፣ ደህና ነን፣ ዝናብ አለ ወይ፣ አለ። ሚዛን ላይ ዝናብ ጠፍቶ ያውቅ ይመስል! እኔና አንተ ስልክ ላይ ከዝናብ ሌላ ወሬ የለንም። አሁን የምነግርህ ነገር ደግሞ ቁጭ ብዬ ካልጻፍኩት የሚወጣኝ አይደለም። ደብዳቤውን የምታመጣልህ እታገኝ ትባላለች። እዚህ ዩኒቨርሲቲ የምትማር የባሕር ዳር ልጅ ናት፣ የጓሮውን ክፍል ተከራይታ እኔ ዘንድ ሁለት ዓመቷ ነው። ለእረፍት ወደ ቤቷ ስትሄድ ነው የያዝኩላት። የእሷን ነገር ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ከተማችን ጥለሃት የሄድካት ሚዛን አይደለችም። ባጃጁ ከሰው በዝቷል፣ ፎቅ የማይሠራ ነጋዴ የለም። ሰሞኑን ዝናብ ጣል አድርጎ ስለነበር ቡናው በአንድ ጊዜ አብቦ ከአማን በር እስከ ገበያው ድረስ ሽታው ያውዳል። ባለፈው መስከረም የከተማው ሰው ተሰብስቦ አሮጌውን የእህል መጋዘን የባህልና የታሪክ ማሳያ አዳራሽ እናድርገው ተባለ። ሁሉም በየቤቱ ያለውን ያምጣ ተብሎ ተለፈፈ። ከጌጫ ሰዎች ከእንጨት የተፈለፈለ የማር ቀፎ መጣ፣ ከማጂ የጎሽ ቆዳ ጋሻ መጣ፣ ከቱም አንድ ሽማግሌ የአያታቸውን በርጩማ ተሸክመው መጥተው «የምሰጠው ቆሜ ነው፣ ነገ ስመጣ ግን እቀመጥበታለሁ» ብለው አስፈረሙን። ኸይሩም የአባቱን የመጀመሪያ ሱቅ መቆለፊያ አመጣ፤ ቁልፉ ጠፍቶ ተቆልፎ ነው የቀረው።

ለዚህ ሁሉ አምስት ሰው ኮሚቴ ተመረጠ። አራቱ ስብሰባ ይወዳሉ። ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። አልጠላሁትም፣ ምን እዋሽሃለሁ። ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍቼ የሚዛንን ግማሽ ሙሽራ የዳርኩ ሴት ነኝ፣ አንድ መጋዘን አያቅተኝም አልኩ። እናም «የእኛስ ቤት ምን ይስጥ?» ሲባል የአባባ ጆንያ ትዝ አለኝ።

አንተ ጆንያውን ታውቀዋለህ፤ ውባለም ግን አብራህ ታነባለችና ለእሷ ላስረዳት። ውባለም እህቴ፣ አባታችን የቀርከሃ እምቢልታ ነበሯቸው። እያንዳንዱ ቀርከሃ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። በጣት የሚደፈን ቀዳዳ የለውም። አሥር ወንዶች ክብ ሠርተው ይቆሙና አንዱ «ኡ» ሲል፣ ሌላው ከፍ አድርጎ፣ ሌላው ዝቅ አድርጎ፣ እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ የራሱን ድምፅ ጣል ያደርጋል። ዜማው በክቡ ውስጥ እየዞረ ይሠራል። ለብቻው የቆመ ሰው ዘፈን የለውም፣ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የያዘው። እኛ ሴቶች መሐል ገብተን እንጨፍራለን እንጂ ቀርከሃውን ነክተን አናውቅም። አሞጽ ከጢሙ በፊት ነበር ክቡ ውስጥ የገባው፤ የእሱ ቀርከሃ ረጅሟ ነበረች፣ ዜማውን የምትጀምረውም የምትዘጋውም እሷ ናት።

ጆንያውን ከቆጥ ሳወርደው ዘጠኝ ናቸው። አሥረኛዋን ማን ይዟት እንደሄደ ሁለታችንም እናውቃለን። አቧራቸውን ስጠርግ ሦስት ሦስት ሆነው በእሳት የተተኮሱት የአባባ ቀለበቶች አሁንም እንደጠቆሩ ነው። ጫፋቸው ግን ተበልቷል፤ አይጥ ነው፣ ነቀዝም አለበት። አንዱ ክንድ ያህላል፣ አንዱ ከስንዝር ትንሽ ያልፋል። እኔ ደግሞ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ታውቃለህ፤ ጠርዙ ያልተስተካከለ ነገር ሳይ እንቅልፍ አይወስደኝም። የአሮጌ ቀሚስ ጠርዝ ሲተለተል ምን ይደረጋል? ከአጭሩ ጋር ይስተካከላል፣ ይቀመቀማል፣ አለቀ።

ለኸይሩ የመስታወት ሣጥኑን ሲሠራ «በአጭሩ ልክ ቁረጣቸው» አልኩት። ኸይሩ መጋዙን ይዞ ቆመ። «እትዬ ውድነሽ፣ አባታችሁ እንዲህ ያበላለጧቸው በምክንያት ቢሆንስ?» አለኝ። «አንተ መስታወትህን ግጠም» አልኩት። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጠየቀኝ። እንደገና ተቆጣሁት። ስፌት የማስተምራቸውን ልጆች ቀኑን ሙሉ «አሥር ጊዜ ለክታችሁ አንድ ጊዜ ቁረጡ» የምል ሴት የአባቴን ዘጠኝ ቀርከሃ አንድ ጊዜ እንኳ ሳልለካ አስቆረጥኩ። በዘይት አሸኋቸው፣ ቀይ ጨርቅ ላይ ደረደርኳቸው። እንዴት እንዳማሩ! እንደ ወታደር እኩል ቆመው ሳያቸው ኩራት ተሰማኝ።

አዳራሹ በታኅሣሥ ቅዳሜ ቀን ተከፈተ። ሕዝቡ እስከ መንገድ ሞልቷል። ጋሽ ጴጥሮስን ታስታውሳቸዋለህ፣ ከአባባ ጎን ይነፉ የነበሩት። ከአሥሩ ሰዎች ዛሬ በሕይወት ያሉት እሳቸውና አንተ ብቻ ናችሁ። ያቺን የበዓል ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው በባጃጅ መጡ። የመጡት ጋሻ ሊያዩ አይደለም። መስታወቱ ጋ ቀጥ ብለው ሄደው «ይነፋ» አሉ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ከመስታወት በስተጀርባ ልኩን አላዩትም። እኔም ደስ ብሎኝ ከኳየሩ ስምንት ወጣቶች ጠራሁ፣ ዘጠነኛዋ ማራናታ ሆነች። ጋሽ ጴጥሮስ እንደ ጥንቱ ክብ አድርገው አቆሟቸው፣ እንዴት ከንፈር እንደሚገጠም አሳዩ፣ በምርኩዛቸው የመጀመሪያውን ጠቆሙ።

«ኡ» አለ። ሁለተኛውን ጠቆሙ። ያው «ኡ» ነው። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ እስከ ማራናታ ድረስ አንድ ድምፅ ነው፤ የተጨናነቁ ባጃጆች ጡሩምባ ሲነፉ በለው። ሕዝቡ ሳቀ፣ ጨዋታ መስሎት አጨበጨበ። ጋሽ ጴጥሮስ አልሳቁም። የማራናታን ቀርከሃ ተቀብለው ጫፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «ማነው የቆረጠው?» አሉ።

አሞጽ፣ ሰምተህ ፍረደኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ስሜ በትልቁ በተጻፈበት ባነር ሥር ቆሜ፣ ዝም አልኩ። ኸይሩ ወደ ፊት ወጣና «እኔ ነኝ አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። አንድ ቃል አልጨመረም፣ ወደ እኔም አላየም። ጋሽ ጴጥሮስ ዘጠኙንም ሰብስበው መስታወቱ ውስጥ አስተኙና የሞተ ሰው ዓይን እንደሚከድን ሰው ክዳኑን ቀስ አድርገው ዘጉት። ከዚያ ወጡ።

በማግስቱ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ተነስቼ በጉባኤው ፊት ያስቆረጥኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ኸይሩ ሁለት ጊዜ እንዳስጠነቀቀኝ ተናገርኩ። ከዚያ ሱቁ ድረስ ሄጄ እግሩ ላይ ልወድቅ ስል አናጢው ደንግጦ ወንበሩን ገለበጠ። ባለቤቱ ሐፍሳ «ተይው፣ እሱ ከማንም ጋር መጣላት አይችልበትም፣ እኔም ሞክሬ አቅቶኛል» አለችኝ። ይህ ቀላሉ ነበር። የከበደው የጋሽ ጴጥሮስ ነው። ሁለት ጊዜ ሄጄ ተኝተዋል ተባልኩ፤ በሁለተኛው ቀን ግን በበሩ ሽንቁር አይቻቸዋለሁ፣ ቁጭ ብለው ግድግዳ ያያሉ። በሦስተኛው ቀን ሳልጠራ ገብቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩና «ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «መጋዙ የአናጢ ነው። ዓይኑ የልብስ ሰፊ ነው።»

አለቀስኩ። እሳቸው ግን «እናቲቱስ? የት ናት?» አሉኝ። እናቲቱ የሚሏት የአንተዋን ቀርከሃ ነው። እኔም እንባዬን እየጠረግኩ፣ አሥራ ሰባት ዓመት በልቤ ስለው የኖርኩትን፣ «ሌባው ወንድሜ ይዟት ሄደ» አልኳቸው። ጋሽ ጴጥሮስ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠና ውሃ አጠጣኋቸው።

«አባትሽ ሰጠው» አሉኝ። «ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። በዚህ ዓይኔ። እናትና ልጆች አንድ ቤት አያድሩም። ቤት ሣር ነው፣ እሳት አለ። ልጆች ቢቃጠሉ እናት ካለች ሌላ ልጅ ይወለዳል። ደንባችን ነው። ከቤት የሚወጣው ሰው እናቲቱን ይዞ ይወጣል።»

ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም ብዬ ጮህኩባቸው፤ በዚህ ዕድሜዬ ሽማግሌ ላይ ጮህኩ። ማን ጠየቀኝ አሉ። እውነታቸውን ነው። ከቀብሩ ማግስት ልጃቸው ዘንድ ማጂ ሄደው ሦስት ዓመት ቆይተዋል፣ አንተን ማባረሬን አልሰሙም። ሲመለሱ ደግሞ እኔ በማፈር ለሰው ሁሉ «ሥራ አግኝቶ ሄደ» እያልኩ ነበር። ሌባ ማለቴን የሚያውቁት ያን ቀን ሐዘን ላይ የነበሩት ዘመዶችና እኔ ነን። አንተም።

አንተስ ምነው ዝም አልክ? ሃያ ዓመት የሞላህ ሰው፣ አፍ የነበረህ፣ «አባባ ነው የሰጠኝ» ማለት አቅቶህ ቦርሳህን አንጠልጥለህ ትወጣለህ? ከዚያ ወዲህ ባለ ጀልባ ሆነህ፣ ሚስት አግብተህ፣ ልጅ ወልደህ፣ አንድ ቀን በስልክ ብትለው ምን ነበር? እልኸኛ! በማን እንደወጣህ ግን አውቃለሁ፤ እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደግኩህ እኔ ነኝ። ቢሆንም ጥፋቱን አንተ ላይ ለመለጠፍ አይደለም ይህን የምጽፈው። እንካ፣ በቀለም ጽፌልሃለሁ፣ አስቀምጠው። ሌባ አይደለህም። ሌባ ብዬ የበደልኩህ እኔ ነኝ። ሌባ ያልኩህ አንዷን አኖርክ፣ ጠባቂ ነኝ ያልኩት ዘጠኙን አስቆረጥኩ። ይቅር በለኝ ወንድሜ። ይህን ከጻፍኩ በኋላ ትንሽ ተነስቼ ውሃ ጠጥቼ መጣሁ።

አሁን ወደ እታገኝ ልመለስ። የዚያን ዕለት አዳራሹ ውስጥ ነበረች። ማታ ራት ስንበላ «እነዚያን ሦስት የተተኮሱ ቀለበቶች እኮ አውቃቸዋለሁ» አለችኝ። ከየት ብላት ከከተማዋ ወሬ ጀመረች። ልጅቱ የሐይቁን ነገር ስታወራ አትጠገብም። ጠዋት ጠዋት ከደንገል የተሠራ ታንኳቸውን እየቀዘፉ እንጨት ጭነው ስለሚመጡት ሰዎች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደቡ ዳር ሥዕላቸውን ሣር ላይ ስለሚዘረጉት ወጣቶች፣ አንድ አሮጌ የብረት መርከብ ማን እንዳመጣው ሲከራከሩ ስለሚውሉት ሽማግሌዎች አወራችኝ። የእናንተዎቹም እንደኛ ኮሚቴ አቋቁመው የወደቡን ታሪክ ሊሰበስቡ ነው አሉ፤ አደራ፣ ልብስ ሰፊ እንዳያስገቡ ንገርልኝ።

ከዚያ ምን አለችኝ? ወደ ደሴቶቹ ሰው የሚያመላልስ «የሚዛኑ» የሚባል ባለ ጀልባ አለ፤ ሊነሳ ሲል ከክንድ የሚረዝም ቀርከሃ አውጥቶ ይነፋል፤ የዘገየ መንገደኛ ሁሉ ያንን ድምፅ ሲሰማ ይሮጣል። ቀርከሃው ላይ ሦስት ጥቁር ቀለበት አለበት። እኔ እኮ ሸጠኸው ወይ ጥለኸው ይሆናል ብዬ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን አንዲት ነገር ጨመረች። «አንዴ ብቻ ነው የሚነፋው» አለች፣ «ከነፋ በኋላ ግን ወዲያው አይነሳም። ጆሮውን ወደ ውሃው አድርጎ ትንሽ ይቆማል። የሚመልስለት ሰው ያለ ይመስል።»

ያን ሌሊት ታምሩ ምን ሆንሽ ቢለኝ ጥርሴን አመመኝ አልኩት።

አሁን እንግዲህ የተዘጋጀውን ስማ። ጋሽ ጴጥሮስ ልጆቹን እንደገና መውለድ ይቻላል ብለዋል። ቀርከሃ የሚቆረጠው በበጋ ነው፣ በክረምት የተቆረጠውን ነቀዝ ይበላዋል። ስለዚህ ጥር ሳይወጣ ታምሩና ኸይሩ ቴፒ አድረው ጌጫ ወጡ፣ ጋሽ ጴጥሮስን ጋቢና አስቀምጠው። ሽማግሌው እያንዳንዱን ግንድ በጥፍራቸው እየመቱ፣ እያዳመጡ፣ ሠላሳ አስቆረጡ። «ልብስ ሰፊዋ ድንገት ብታልፍበት» ብለው ነው ሠላሳ ያስቆረጡት አለኝ ኸይሩ። አሁን ሱቄ ውስጥ ከስፌት መኪናዬ በስተጀርባ ጥላ ላይ ይደርቃሉ። መቀስ ይዤ በአጠገባቸው ሳልፍ እንኳ ማራናታ «እማ!» ትለኛለች።

ለፋሲካ ደርቀው ያልቃሉ። ከዚያ ልካቸው የሚገኘው በክንድም በሜትርም አይደለም። እናቲቱ ትነፋለች፣ ጋሽ ጴጥሮስ ያንን ድምፅ ሰምተው ሁለተኛውን ይቆርጣሉ፣ ከሁለተኛው ሦስተኛውን፣ እንዲያ እያሉ እስከ ዘጠኝ። ትንፋሽ የላቸውም፣ ጆሯቸው ግን አለ። ይህ ጆሮ በዚህ አገር ሁሉ የቀረ አንድ ነው። ሰማንያ አልፈዋል፣ ሳሉ እየጠናባቸው ነው፤ ሐኪሙም ብርድ እንዳይመታቸው ነው የሚለው እንጂ ሌላ ተስፋ አልሰጠንም። እሳቸው ካለፉ እናቲቱ ብትኖርም ልጆቿን የሚያውቅላት የለም፣ የአባባ ዜማም እዚያው አበቃለት። ይህ ነው ነገሩ፣ ምንም አላጋነንኩም።

ስለዚህ ቀጥሬልሃለሁ። ፋሲካ ሚያዝያ ስምንት ነው። አንተ ለፋሲካ እዚህ ትደርሳለህ፣ በሳምንቱ ውስጥ ቀርከሃዎቹ ይቆረጣሉ፣ ሚያዝያ አሥራ አምስት እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ፊት ይነፋሉ። ፓስተሩን አስፈቅጃለሁ፣ ልጆቹ ትንፋሽ ይለማመዳሉ። ጋሽ ጴጥሮስ መጀመሪያ «የዚያን ቀን ዓይኔ አታለለኝ እንጂ ሴት ነፍታ አታውቅም» ብለው የማራናታን ነገር እንቢ ብለው ነበር። ልምምዱ ላይ ከወንዶቹ ሁለቱን ሲያዞራቸው፣ እሷን ግን ምንም ሳይላት አይተው ተዉት። እመጣለሁ ወይም አልመጣም ብለህ እንዳትመልስልኝ። ቀርከሃዋንም ለእታገኝ ሰጥተህ እንዳትልክልኝ። ሽማግሌውን ጠይቄያቸው ነበር፤ «እናት አትላክም፣ ልጇ ይዟት ይመጣል» አሉኝ። ደግሞስ የእሷን ተራ ከአንተ በቀር ማን ያውቃል? መቼ እንደምትጀምር፣ መቼ እንደምትዘጋ የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። ጀልባው አንድ ሳምንት ያለ አንተ ቢቆም ሐይቁ አይደርቅም። እዚህ ስትነፋ የሚመልሱልህ ዘጠኝ ይኖራሉ።

ለውባለም ሰላምታዬን ንገርልኝ፣ ግንባሯንም ሳምልኝ። አይታኝ የማታውቅ ምራቴ፣ ልክሽን ባላውቅም በእታገኝ ቁመት ገምቼ ቀሚስ ሰፍቼልሻለሁ፣ ጠርዙን ግን ሳልቆርጥ ትቼዋለሁ። አቢጊያን ጉንጯን፣ ባምላኩን ሁለት ዓይኖቹን ሳምልኝ፤ ዕድሜውን በወረቀት ጽፈህ ኪሱ ውስጥ አድርግልኝና እኔ ሳልጠይቅ ላንብበው። ታምሩ በጣም ሰላም ብሎሃል፤ ጉልበቱን የሚያሽበት የዓሣ ዘይት አለ ሲሉ ሰምቶ አምጣልኝ ይላል፣ ከረሳኸው ግድ የለም። ማራናታ «የእንቁልልጩን ብድር ለአጎቴ እከፍለዋለሁ» ብላለች። ኸይሩና ሐፍሳ ሰላም ብለዋል። ጋሽ ጴጥሮስ ደግሞ ከሁሉም አጭር መልእክት ልከውልሃል፦ «ቶሎ። ጆሮ ይጠብቃል፣ ሳል አይጠብቅም።»

የግድግዳውን ነገር አልረሳሁትም። ያን ቀን ሐዘን ላይ፣ ዘመድ ሁሉ ተቀምጦ፣ «በዚህ በር ዳግም ብትገባ የአባቴ አጥንት ይፋረደኝ» ብዬ ማልኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ቃሉን መልሼ ልውጠው ብል አይዋጥም። ፓስተሩ እግዚአብሔር ይፈታሻል አሉኝ፣ አመሰገንኩ። እኔ ግን በአባቴ አጥንት የማልኩትን ሴት ናት፣ በንዴት ነው ተብሎ እንዲቀር አልፈልግም፤ አባባ ቃሉን አጥፎ የማያውቅ ሰው ነበር። ስለዚህ መሐላውን ከማፈርስ ግድግዳውን አፈረስኩት። አሮጌው በር ከትናንት ጀምሮ በጭቃ ተደፍኗል። አዲሱ በምሥራቅ በኩል፣ ቡናው ያለበት ወገን ነው። ለአዳራሹም የምንሰጠው ነገር ተገኘ፣ አሮጌው በር።

አሁን ኸይሩ ሜትሩን ይዞ አጠገቤ ቆሞ ቁመቱን ስንት ላድርገው ይለኛል። በአሞጽ ልክ ልለው ስል አፌ ላይ ቀረ። ልክህን አላውቀውም፤ የማውቀው የሃያ ዓመት ልጅ ልክ ነው። ከፍ አድርገው፣ ይህን አንድ ነገር እንኳ አታሳጥርብኝ አልኩት። መቃኑን ሳይመታ ይጠብቃል። መጥተህ ለካው።

እህትህ ውድነሽ

ሚዛን ተፈሪ፣ ከአባባ ቤት
የካቲት ፲፰ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.